ባለ ደብተሩ ልጅ፦ ከሾላ ገበያ እስከ ድህነት መስመር

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው። ቡና ካላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ሁለት ሥራ አገኘሁ። አንዱ ባንክ ነው። ሌላው የምርምር ሥራ ነው፣ ሪሰርች ፌሎው ይሉታል። ደመወዙ ከባንኩ ያንሳል፣ ኮንትራቱም የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ቤተሰብ ባንኩን ያዢ እያለኝ ነው። ሥራው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው ደግሞ ‹ዳታ መሰብሰብና ማጽዳት› አሉኝ። አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለዚህ ነው እንዴ?»

ቶሎ አልመለስኩላትም። የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔም በ2000 ዓ.ም.፣ የሚሊኒየሙ ባንዲራ ገና ከየአጥሩ ላይ ሳይወርድ፣ ሾላ ገበያ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ራሴን ጠይቄው ነበር። (በእኛ ጊዜ ዲግሪው ሦስት ዓመት ነበር። ንዴቱ ግን ያው ነው።)

በ1999 ተመርቄ አንድ የምርምር ተቋም ቀጠረኝ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ተመራማሪ ሆነ» ብላ አውርታ ነበር። ተመራማሪው የመጀመሪያ ቀን የተሰጠው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ሃያ ምናምን ዕቃ የተዘረዘረበት ወረቀት ነው። ማኛ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ለጋ ቅቤ፣ ምስር ክክ፣ ዘይት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። «በየሳምንቱ ቅዳሜ ሾላ ሄደህ የእያንዳንዱን ዋጋ ከሦስት ከሦስት ሻጭ ትጽፋለህ» ተባልኩ። በቃ።

ሾላን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ የካ ውስጥ ያለ ትልቅ ገበያ ነው። ስሙ የዛፉ ስም ነው። ቅቤው፣ ቅመሙ፣ ዶሮው፣ ጌሾው፣ ሸክላው፣ አትክልቱ ሁሉ እዚያው ነው። የካ፣ ኮተቤና ቦሌ ያደጋችሁ ልጆች የበዓል ዋዜማ ከእናታችሁ ኋላ ዘንቢል ይዛችሁ የተጋፋችሁበት ቦታ ነው። እኔም ተጋፍቼበታለሁ። ዘንቢል መያዝና ደብተር መያዝ ግን አንድ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ደብተር ስታወጣ ገበያው ዝም ይላል። «ከቀበሌ ነህ?» «ከግብር ነህ?» አንዱ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይነግርሃል፣ ግብር ፈርቶ። ሌላዋ ከፍ አድርጋ ትነግርሃለች፣ ምናልባት ትገዛ ይሆናል ብላ። ሾላ ደግሞ የተጠራ ዋጋ ሌላ፣ የተሸጠበት ዋጋ ሌላ ነው። ክርክሩ ሳያልቅ የጻፍከው ቁጥር ዋጋ አይደለም፣ ወሬ ነው። ይህን የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አልነገረኝም። ወር ከፈጀ በኋላ ነው ዘዴው የገባኝ። ደብተሩን ኪስ ከትተህ ገዢ ጀርባ ትቆማለህ፣ ተከራክረው ሲጨርሱ ብር ሲቆጠር ታያለህ፣ ከዚያ ዞር ብለህ ትጽፋለህ።

ከሁሉ የከፋው መደቡ ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲም ጉሊት ላይ በኪሎ ብቻ አይሸጥም፤ ተደርድሮ፣ ተቆልሎ «መደቡ ይኸን ያህል» ይባላል። ለሦስት ሳምንት የአንድ መደብ ሽንኩርት ዋጋ ምንም ሳይለወጥ ጻፍኩ። በአራተኛው ቅዳሜ አንዲት ገዢ «እሜቴ፣ መደቡ እኮ ስድስት ራስ ነበር፣ አሁን አራት ሆነ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ዋጋው አልጨመረም፤ መደቡ ነው የቀነሰው። የሦስት ሳምንት ቁጥሬ ሁሉ «የተረጋጋ» ይላል። ከዚያ በኋላ ከቤት የእናቴን ትንሽ ሚዛን ይዤ መሄድ ጀመርኩ። አንድ መደብ እገዛለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እጽፋለሁ። ሽንኩርቱ ቤት ይገባል። እናቴ ስለ ምርምር ያላት አስተያየት የተሻሻለው ያኔ ነው።

እንግዲህ ይህ ሥራ ከየት መጣ? ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በአገራችን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ምርምር ውስጥ መግቢያው በር ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። ዋናው ግራጁዌት አሲስታንት መሆን ነው። ከክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ የወጣውን ዩኒቨርሲቲው ያስቀረዋል። ልጁ ቱቶሪያል ይሰጣል፣ ፈተና ያርማል፣ የትልልቆቹን መረጃ ያደራጃል፣ ከዚያ ወደ ማስተርስ ይልኩታል። የቀረው ተመራቂ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ነው። መረጃ የማምረቱ ሥራ ደግሞ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ድርሻ ነበር። የአዲስ አበባ የችርቻሮ ዋጋ መለኪያ መነሻ ዓመቱ 1963 እ.ኤ.አ. ነበር። ልብ በሉ፣ የአዲስ አበባ ነው። ለብዙ ዓመታት «የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት» ሲባል የሚለካው የዚህች አንድ ከተማ ገበያ ነበር። የጎንደርም የጅማም ኑሮ ውድነት በአዲስ አበባ ሽንኩርት ይገመት ነበር ማለት ነው።

አሰፋ በቀለና እሸቱ ጮሌ የኢትዮጵያን ኢኮኖሚ ገጽታ የሚያሳየውን መጽሐፋቸውን በ1969 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ። የእኛ መምህራን መምህራን በዚያ መጽሐፍ ነው ያደጉት። በ1972 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የልማት ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ከዚያ አብዮቱ፣ ዘመቻው፣ ሌላውም ሌላውም መጣ። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1981 ነው፤ በእነሱ 1989። ድርቅ ያጠቃቸው ሰባት መንደሮች ውስጥ የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ተጀመረ። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ጥናት ማዕከልና ከኢፍፕሪ ጋር ሆኖ ወደ 15 መንደርና ወደ 1477 ቤተሰብ አሰፋው። ሀሬሳው፣ ገብለን፣ ዲንኪ፣ የትመን፣ ሹምሸሃ፣ አደሌ ቀቄ፣ እምድብር፣ አዜ ደቦአ፣ አዳዶ፣ ጋራ ጎዶ፣ ዶማ… እነዚህን ስሞች የዓለም የልማት ኢኮኖሚስቶች እንደ ጸሎት ይዟቸዋል። እስከ 2001 ድረስ እነዚያኑ ቤቶች እየተመላለሱ ጠየቁ። በዚያው ሰሞን የከተማው ጥናት ከስዊድኑ የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀመረ፤ ሰባት ከተማ፣ ወደ 1500 ቤተሰብ፣ ከግማሽ በላዩ አዲስ አበባ።

እስቲ አስቡት። በየመንደሩ የጥማዱ ስፋት ይለያያል፣ ቁናው ይለያያል፣ ቋንቋው ይለያያል። የገብለኑ ገበሬ በትግርኛ፣ የአዳዶው በጌዴኦኛ፣ የጋራ ጎዶው በወላይትኛ ነው የሚመልሰው። አንድ ቁና ስንት ኪሎ እንደሆነ መንደር በመንደር ተመዝኖ የመለወጫ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቷል። መጠይቁ ረጅም ነው፤ ምን በላችሁ፣ ምን ሸጣችሁ፣ ከማን ተበደራችሁ፣ በድርቁ ጊዜ ምን አጣችሁ። ኦክስፎርድ የተቀመጠ ፕሮፌሰር እዚያ ጎጆ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ቋንቋውን የሚያውቁ ወጣቶች ናቸው የጠየቁት።

ከዚያ መረጃ ምን ወጣ? ስቴፋን ዴርኮን በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ የመታቸው ቤተሰቦች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንኳ ከሌሎቹ ቀርፈፍ ብለው እንዳደጉ አሳየ። ረሃቡ አልፎ ጠባሳው ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ ማለት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴርኮን፣ ጊሊጋን፣ ሆዲኖትና የእኛው ጣሰው ወልደሃና ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ ከዚሁ መረጃ አሳዩ። የገጠር መንገድ ሲባል እስከ ዛሬ ይህች ቁጥር ትጠቀሳለች። መረጃው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። በእሱ ስንት ሰው ዶክትሬቱን እንደሠራበት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ጎጆ በር ላይ የጠየቁት ልጆች ስም ግን ቢበዛ ምስጋናው ገጽ ላይ ነው፤ «ለመረጃ ሰብሳቢዎቻችን» ተብሎ በአንድ መስመር።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር በ1984 ተቋቋመ። በ1990ዎቹ መግቢያ አካባቢ የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ተቋምና የማኅበሩ የራሱ የፖሊሲ ምርምር ተቋም መጡ። በ1996 ገደማ ኢፍፕሪ ከልማት ምርምር ተቋሙ ጋር ሥራ ጀመረ። እነዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ ኤክሴል የሚችል፣ ስታታ ለመማር የማይፈራ ልጅ ፈለጉ። ምሥራቅ አዲስ አበባም ሳታስበው የኢኮኖሚስት ሰፈር ሆነች። የማኅበሩ ቢሮ ወደ ሲኤምሲ ነው፤ የኢፍፕሪ የአዲስ አበባ ቢሮ ያለበት የኢልሪ ግቢ ጉርድ ሾላ ነው። ሁለቱም ከሾላ ገበያ የአንድ ታክሲ መንገድ ናቸው። ስለ ጤፍ ዋጋ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው እዚያ፣ ጤፉ የሚሸጠው እዚህ፤ በመሃል የሚመላለሰው ባለ ደብተሩ ልጅ ነው። (ሾላ ላይ የወጣልኝ ስም ነው። «ባለ ደብተሩ መጣ!» ይሉ ነበር።)

ደብተሩ ምን ያደርጋል ላላችሁ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

አንድ ኢትዮጵያዊ «ድሃ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? አሠራሩ ይህ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበት የምግብ ቅርጫት ይወሰዳል። ድሃው ሕዝብ በእርግጥ የሚበላው እህል፣ ጥራጥሬ፣ ትንሽ ዘይት ነው። ያ ቅርጫት በገበያ ዋጋ ይባዛል። ላዩ ላይ ምግብ ላልሆነው ወጪ ይጨመርበታል። የሚወጣው ብር የድህነት መስመር ነው። በ1988 መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1075 ብር ነበር። በ2003 ወደ 3781 ብር፣ በ2008 ወደ 7184 ብር ደረሰ። ከመስመሩ በታች ያለው ሕዝብ ደግሞ በ1988 45.5 በመቶ፣ በ1992 44.2፣ በ1997 38.7፣ በ2003 29.6፣ በ2008 23.5 በመቶ። እነዚህን አምስት ቁጥሮች ዓለም ባንክም፣ መንግሥትም፣ ተቃዋሚም ይጠቅሳቸዋል፣ ይጣላባቸዋልም።

አሁን መልሳችሁ እዩት። መስመሩ ዋጋ ነው። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የጻፈ ልጅ መስመሩን ዝቅ ያደርጋል፤ መስመሩ ላይ የቆመ ሰው ሳይበላ ከድህነት ይወጣል። የኔዋ የተቋም ደብተር ለብሔራዊው ቁጥር አልገባችም፣ ለእሱ ዋጋ የሚሰበስበው ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ የራሱ ሠራተኞች አሉት። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ እዚያም ጫፍ ላይ አንድ ሰው ሻጭ ፊት ቆሟል።

የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

2000 ዓ.ም. ለዋጋ የእብደት ዓመት ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ አማካይ የዋጋ ንረት 44 በመቶ ነው፤ በክረምቱ ከዓመት ዓመት ሲለካ ከ60 በመቶም አልፏል። ግራ ያጋባው ነገር ምርት ጨመረ እየተባለ እህል መወደዱ ነው። ምርት ከጨመረ ጤፍ ለምን ይሰቀላል? አንዳንዱ የምርት ቁጥሩ ተጋኗል አለ። ሌላው ገንዘብ በዝቶ ነው አለ። ሌላው የዓለም ዋጋ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ዕጥረት ነው፣ ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ምርቱን መያዝ ስለቻለ ነው አለ። ቢሮ ውስጥ ትልልቆቹ ሲከራከሩ እኔ ዳር ተቀምጬ እሰማለሁ። ሁሉም የሚያነሣው ማስረጃ የዋጋ መስመር ነው። የሾላዋ መስመር የኔ ናት።

ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ አላስቆም አለ። መገናኛ ከታክሲ ወርጄ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ሁለት ጠበቅኩ። ጫማዬ ቀዳዳ ነው። በመጨረሻ ደብተሩን አወጣሁና ያለፈውን ሳምንት ዋጋ አየሁ። ለአብዛኛው ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ። ቅቤ ላይ ስደርስ አሰብኩ፤ ፍልሰታ እየደረሰ ነው፣ ለጾም ማን ቅቤ ይገዛል፣ ስለዚህ አይጨምርም። ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ደገምኩት። ኢኮኖሚስት መሆኔ የተሰማኝ በዚያች ቅጽበት ነበር፤ ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋ ይረጋጋል! ሻዬን ከፍዬ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ቁጥሩን አስገባሁ። ረቡዕ አለቃችን ለወጣው አጭር ዘገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ትርጉሙ «የእንስሳት ተዋጽኦ ዋጋ በመረጋጋት ላይ ነው» የሚል። ዘገባው ሄደ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሾላ ስደርስ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ቅቤ ሻጭ እናት ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን አነሱ። «አንተ ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት የት ጠፋህ?»

«ዝናብ ሆኖብኝ ነው እማማ።»

«ጉድ አልነበር እንዴ! መንገድ ተቆርጦ ቅቤ የሚባል አልገባም። በደህናው ቀን ትመጣለህ፣ አንተ ያልመጣህ ቀን ነው ዋጋው የመጣው።» የተሸጠበትን ነገሩኝ። እኔ ከደገምኩት ቁጥር በሩቅ ይበልጣል። ፍልሰታዬን ይዤ ቀረሁ።

ለሳምንት ዝም አልኩ። የሚያውቅ የለም፣ አንድ ቁጥር ናት፣ ከመቶዎቹ አንዷ። ከዚያ አለቃዬ ያችኑ መስመር ለሌላ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ «እዚህ ጋ ያረፈው ከፍልሰታ የተነሣ ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አልጮኸም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። የዚያን ቅዳሜ የሾላ ቁጥሮች ሁሉ፣ ቅቤውን ብቻ ሳይሆን ሃያ ምናምኑንም፣ አንድ በአንድ አስጠፋኝ። በስታታ መረጃ የሌለበት ቦታ ነጥብ ነው የሚሆነው። ሃያ ምናምን ነጥብ። «አሁን ሂድና ዝናብ ልብስ ግዛ፣ ደረሰኝ አምጣ፣ ቢሮው ይከፍላል» አለኝ። የወጣውን ዘገባ ግን ማንም መልሶ አላስተካከለም፤ እሱም እኔም። ያች ዓረፍተ ነገር ዛሬም በሆነ ፋይል ውስጥ ተቀምጣለች። ትዝ ስትለኝ ያመኛል።

በ2003 እኔ አስተማሪ ሆኜ ተማሪዎች ወደ ገበያ እልክ ነበር። ጥር ገደማ መንግሥት ለመሠረታዊ ሸቀጦች የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ሱቆቹ ግድግዳ ላይ የታዘዘው የዘይትና የስኳር ዋጋ ተለጠፈ፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። አንዱ ተማሪዬ ከሾላ ደውሎ «መምህር፣ ምን ልጻፍ? የተለጠፈው ዋጋ አለ፣ ዘይቱ የለም፤ ከጀርባ የሚሸጠው ዘይት አለ፣ ዋጋው አይነገርም» አለኝ። ሁለቱንም ጻፍ፣ ባዶ መሆኑንም ጻፍ አልኩት። የተለጠፈውን ብቻ ብንወስድ ኖሮ በዚያ ወር ዘይት የረከሰ ይመስል ነበር። ከወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ ተነሣ። የዚያ ልጅ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ እኔ ጋ አለ፤ «ዘይት፦ የለም» የሚለው ረድፍ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፎበታል።

ዛሬ ደብተሩ ታብሌት ሆኗል። መጠይቁ ራሱ ስህተት ሲያይ ይጮኻል፣ የቆምክበትን ቦታ በሳተላይት ይመዘግባል፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ቅቤ መፈልሰፍ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ጥሩ ነው። መደቡ ስንት ራስ ሽንኩርት እንዳለው ግን ታብሌቱ አያውቅም። አሜሪካም ነገሩ ፋሽን ሆኗል፤ ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲ፣ ቺካጎ ዶክትሬት ለመግባት መጀመሪያ አንድ ሁለት ዓመት የፕሮፌሰር ረዳት ሆኖ መሥራት እንደ መንገድ ተይዟል፣ ፕሪዶክ ይሉታል። ልጆቹ ኮድ ይጽፋሉ፣ መረጃ ያጸዳሉ። እኛ አገር ከዚህ በላይ ነው የሚፈለገው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ አልተቆጠረም። እንዲህ ባለ አገር ገበያ ወርዶ፣ ቤት አንኳኩቶ፣ ያየውን ብቻ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው።

ለተማሪዬ ትናንት ማታ መልስ ጻፍኩላት። ወላጆችሽን የምትጦሪ ከሆነ ባንኩን ያዢ፣ ነውር የለውም አልኳት፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ምርምሩን ከመረጥሽ ግን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂያቸው። መስክ ትልኩኛላችሁ ወይስ ቢሮ ተቀምጬ የሌላ ሰው ፋይል ብቻ ላጸዳ? ጥሬው መረጃ ይታየኛል? የሠራሁበት ጽሑፍ ላይ ስሜ የት ይገባል? ለሦስተኛው ጥያቄ ሳቅ ብቻ ከመለሱልሽ አስቢበት። እኔ አልጠየቅኩም ነበር፤ አፍሬ።

እሷም «እሺ መምህር፣ ግን መስኩን አላውቀውም፣ ከየት ልጀምር?» ብላ መለሰችልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሾላ፣ ቅቤ ተራ ጋ ነይ አልኳት። ሚዛን ይዘሽ ነይ። ዝናብም ቢሆን።